ዓይኑ የካዳት ሚስት

መሳን ሳህኑን በእግሩ ገፋ አደረገው።

«ይህን ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን ይሠራልሃል?» አለች አኩዌሌ።

«አንቺ የሠራሽውን አልበላም። ሚስቴ ስትመጣ እበላለሁ።»

ከሆስፒታል ከወጣ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። መሳን በሐይቅ ዳሯ በአኔሆ ከተማ ሞተር ታክሲ ይነዳል። ከድልድዩ ላይ ተንሸራትቶ በጭንቅላቱ ከወደቀ በኋላ ወደ ዋና ከተማው ወደ ሎሜ ወስደውት፣ አሥራ ስድስት ቀን ተኝቶ፣ ቁስሉ ደርቆ ተመለሰ። የጎረቤቱን ሁሉ ስም ያውቃል። የቤንዚን ዋጋ አልጠፋበትም። ጣሪያው በየት በኩል እንደሚያፈስ ሳይቀር ያስታውሳል። የጠፋችበት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም ፊቱ ቆማለች።

«ፊቷማ የሚስቴ ነው» ይላል ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ። «አፍንጫዋም፣ ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳም። ይህች ግን እሷ አይደለችም።»

መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። የሞተር ታክሲ ጓደኞቹ «አንተ፣ ሁለተኛ ሚስት ከፈለግህ ዝም ብለህ አታገባም ነበር? መውደቅ ምን አስፈለገህ?» እያሉ ቀለዱበት። በአራተኛው ቀን ግን መሳን ከእንቅልፉ ሲነሣ መልሱን አግኝቶ ነበር። ጣቱን ቀስሮ «አሁን ዐወቅሁሽ። አኮኮ ነሽ» አላት።

ከዚያ ወዲያ የሚስቅ ጠፋ።

አኮኮ የአኩዌሌ መንታ እኅት ነበረች። በሰባት ዓመቷ ሐይቁ ውስጥ ገብታ ቀረች። በዚያ አገር መንታ ሞተች አይባልም፤ እንጨት ልትለቅም ሄደች ነው የሚባለው። የስንዝር ያህል የእንጨት ምስል ይቀረጽላታል፤ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ በሕይወት ያለችው አደንጓሬ ስትበላ ለእሱም ይቀርብለታል። ከተረሳች ትቆጣለች። ቁጣዋ ከበረታ ድርሻዋን ልትወስድ ራሷ ትመጣለች፤ የእኅቷን አልጋ፣ የእኅቷን ባል፣ የእኅቷን ልጅ። ይህን በዚያ ሐይቅ ዳር የማያውቅ የለም።

አኩዌሌም ረስታ ነበር። አሥራ ስድስቱን ቀን ከመሳን አልጋ ሥር ምንጣፍ ላይ ስታድር ምስሉ እቤት መደርደሪያ ላይ ሳይታጠብ፣ ሳይቀርብለት ቀረ። ለማንም አልተናገረችም። ታሲ ደዴ ግን አገኙት። ታሲ ማለት የአባት እኅት ናት፤ ታሲ ደዴ የመሳን አባት እኅት ናቸው፣ የቤተሰቡ ሥርዐት ሁሉ በእጃቸው ነው። ምስሉን አንሥተው በአውራ ጣታቸው አቧራውን ጠረጉና ለሁሉም አሳዩ።

«አሥራ ስድስት ቀን! ሰው እንኳ አሥራ ስድስት ቀን ጦሙን ቢውል ምን ይሆናል? አደንጓሬ ሻጭ ሆና አንዲት ፍሬ አላቀረበችላትም!»

የመሳን ታላቅ ወንድም ፎሊ ጉዳዩን በቀስታ ማየት የሚወድ ሰው ነው። «እስቲ እንጠይቃት» አለና ሰበሰባቸው። «በሠርጋችሁ ቀን ዝናቡ ሲመጣ ትልቁን ከበሮ ወደ ቤት ያስገባው ማን ነበር?»

«እርስዎ ነዎት» አለች አኩዌሌ። «በሩ ጠቦ ጠርዙ ተሰበረ። እርስዎ ግን እስካሁን ልጆቹ ናቸው የሰበሩት ይላሉ።»

ፎሊ ሳያስበው ሳቀ። መሳን አልሳቀም።

«አያችሁ? የሄዱት ሁሉን ያያሉ። ሚስቴ ብትሆን ይህን ረስታው ነበር።»

ሌላም ጠየቋት፤ ሁሉንም መለሰች። በመለሰች ቁጥር የመሳን ፊት እየጠነከረ ሄደ። ብትሳሳት ኖሮ አኮኮ ስለሆነች ነው ይባል ነበር፤ ስላልተሳሳተችም ያው ተባለ። ስታለቅስ «የሐይቅ ሰው እንባ አያልቅበትም» አሉ ታሲ። ማልቀሷን ስታቆም «እዩዋት፣ ልቧ ቀዝቃዛ ነው» አሉ። አኩዌሌ ምን ማድረግ እንደቀራት ጨነቃት። የምታነሣው ማስረጃ ሁሉ እሳቱ ላይ የሚጨመር እንጨት ሆነ።

ታሲ ደዴ ፍርዱን ተናገሩ። «ዓርብ በታንኳ ሐይቁን ታሻግሯታላችሁ። የመንታዎቹ ካህን ጋ ትቀመጥ። እውነተኛዋ አኩዌሌ እስክትመለስ ድረስ ዓመትም ቢሆን፣ ሁለትም ቢሆን። ልጅቱ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ታድራለች።»

ልጅቱ አዮኮ ትባላለች፤ ሦስት ዓመቷ ነው። ታሲ አንጠልጥለው ሲወስዷት በትከሻቸው ላይ ሆና «እማ ነይ!» እያለች ሄደች። አኩዌሌ ልትከተል ስትነሣ መሳን በሩ ላይ ቆመ።

«ልጄን አትነኪያትም» አላት። ያ ድምፅ ሌባ ሲያዝ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን በማግሥቱ መጣ። አኩዌሌ አደንጓሬ እየለቀመች ሳለ አንድ ሐሳብ ገባባት፤ ገባና አልወጣም አለ። አኮኮ በቀረችበት ቀን ታንኳዋ ስትገለበጥ ሁለት ልጆች ነበሩ ውስጧ፤ አንዲቱን አወጡ። ሁለቱ እንደ ሁለት የውሃ ጠብታ ነበሩ። እናታቸው እንኳ የምትለያቸው አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ እጇ በምታደርገው ጨሌ ነበር። ጨሌውን ውሃው በጠሰው። እናቷ የዳነችዋን አቅፋ ብዙ ከቆየች በኋላ «አኩዌሌ ናት» አለች፤ ሁሉም ተቀበለ፣ ልጅቱም ተቀበለች። እናቷ ተሳስታ ቢሆንስ? ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ስም ተሸክማ ኖራ ቢሆንስ? መሳን ጭንቅላቱ ሲመታ ማንም ያላየውን አይቶ ቢሆንስ?

እጆቿን አየቻቸው። የማን እንደሆኑ የሚነግራት አጣች።

ሐሙስ ዕለት ግን መብላት የግድ ነውና ድስቷን ተሸክማ ለመሸጥ ወጣች። መንገዱን ዞራ በራሷ ግቢ አጥር በስተጀርባ ስታልፍ እንደ ልማዷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አደንጓሬ! ትኩስ አደንጓሬ ከነዘይቱ! ያልበላ ይጸጸት!»

አጥሩ ውስጥ ወንበር ወደቀ። ሰው ሲሮጥ ተሰማ።

«አኩዌሌ! አኩዌሌዬ! ቆይ፣ መጣሁ!»

መሳን ነበር። ባዶ እግሩን በበሩ ወጣ፤ ፊቱ በደስታ ተከፍቷል። አኩዌሌ ድስቷን ይዛ ደርቃ ቆመች። ዓይኑ ዓይኗ ላይ ዐረፈ፤ ደስታው እንደተነፋ ኩራዝ ጠፋ። መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየ።

«የት አለች? አሁን በዚህ አለፈች። ምን አደረግሻት?» ክንዷን ያዛት። «ሚስቴን ምን አደረግሻት?»

ድስቱ ወድቆ አደንጓሬው መንገድ ላይ ተዘራ። ሁለት መንገደኞች ባያላቅቋቸው ኖሮ ይመታት ነበር።

እየሮጠች የሄደችው ጤና ጣቢያ ነው። የመሳንን ቁስል ሲያጥብ የነበረው ነርስ አናኒ ነገሩን ሁሉ ሰማ፤ ሁለት ጊዜ ደግማ እንድትነግረውም አደረገ።

«ድምፅሽን ሲሰማ ዐወቀሽ፤ ሲያይሽ ካደሽ። እንዲህ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ። ምን ማለት ነው?»

አናኒ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። «የምታውቂው ሰው ሲመጣ ጭንቅላት ውስጥ ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። አንዱ መንገድ ‹ይህ ፊት የአኩዌሌ ነው› ይላል። ሌላው መንገድ ሆድን ያሞቃል። ባልሽ ሲወድቅ የተበጠሰው ሁለተኛው ነው። ፊትሽ ይመጣል፣ ሆዱ ግን ቀዝቃዛ ነው። እንግዲህ ፊቷ የሚስቴ፣ ስሜቱ የባዳ ከሆነ ይህች ማን ናት? ጭንቅላት ደግሞ ‹አላውቅም› ማለት አይወድም። ያገኘውን ተረት ያነሣል። የአንቺ ቤት ተረት አኮኮ ናት።»

«ግን እርግጠኛ ነው እኮ! ዓይኑን ብታየው!»

«እርግጠኝነት መዝኖ ያገኘው አይደለም። እንደ ረኃብ ዝም ብሎ የሚሰማው ነገር ነው። የተራበን ሰው ተከራክረሽ ታጠግቢዋለሽ? አትከራከሪው። የጆሮ መንገድ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የተነካ አይመስለኝም።»

«ይድናል?»

«ሊድን ይችላል። ዋሽቼ ቀን አልቆርጥልሽም።»

«ነገ መጥተህ ለታሲ ንገርልኝ።»

አናኒ አንገቱን ደፋ። «እኔ ስወለድ እናቴን ያዋለዷት እሳቸው ናቸው። የእኔን ጭንቅላት ከመሠራቱ በፊት ነው የሚያውቁት። እኔን ከሚሰሙ ዓይናቸው ቢያይ ይሻላል።»

ዓርብ ረፋድ ላይ ቤተሰቡ ማንጎው ሥር ተሰበሰበ። ታንኳው ታስሮ ይጠብቃል፤ የአኩዌሌ ጓዝ በአንድ ጨርቅ ተቋጥሮ ከጎኑ ተቀምጧል። አዮኮ በታሲ ደዴ ጭን ላይ ናት። መሳን ከእነሱ አጠገብ ቆሞ ከአኩዌሌ ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

«የምትይው ካለሽ ተናገሪ» አለ ፎሊ።

«አንድ ነገር ብቻ። ዓይኑን ሸፍኑት።»

«ለምን? ልትስሚው ነው?» አሉ ታሲ። ሴቶቹ ሳቁ።

«እርስዎ ይሸፍኑት፣ ታሲ። በራስዎ ሻሽ። የእኔ እጅ አይንካው።»

ታሲ ፎሊን አዩት፤ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። አዮኮን አስቀመጡና ሻሻቸውን ፈትተው የመሳንን ዓይን አሰሩ። አጥብቀው ነው ያሰሩት።

አኩዌሌ ልጇን አየቻት። አንድ ቃል ካወጣች በኋላ መመለሻ የለም። ካላወቃት ታንኳው ውስጥ ትገባለች፤ ልጇንም መቼ እንደምታይ አታውቅም። ደግሞም፣ ይህን ለማንም አልተናገረችም፣ ካላወቃት እሷም ራሷን አታምንም። ያዘጋጀችው የሚያምር ንግግር ነበር፤ ሁሉም ጠፋባት። ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

«መሳን፣ ፍሬኑን አሠራ አላልኩህም ነበር?»

የመሳን አፍ ተከፈተ።

«አኩዌሌ?»

«ሦስት ጊዜ ነገርኩህ።»

«ነገ አሠራዋለሁ ብዬ…»

«የአንተ ነገ! የአንተ ነገ መቼ ደርሶ ያውቃል?»

ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ። እጁን ወደ ድምፁ ዘረጋ። «የት ነበርሽ? የት ነበርሽ አንቺ? እዚህ አንዲት ሴትዮ አለች፤ ፊትሽን ይዛለች። ልጃችንን እንዳትወስድብን ሌት ተቀን እየጠበቅኋት ነው።»

«ዐውቃለሁ። ደኅና አድርገህ ነው የጠበቅሃት።» ወደ እሱ ሄዳ እጇን ሰጠችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሳቸው።

ታሲ ደዴ ሻሹን ከዓይኑ ሳብ አደረጉት።

መሳን አያት። እጇን የእሳት ፍም እንደያዘ ሰው ወረወረውና ወደ ኋላ ዘለለ። «የት ሄደች? አሁን እኮ እጇን ይዤ ነበር! አሁን!»

«መልሰው ይሸፍኑት» አለ ፎሊ ቀስ ብሎ።

ሸፈኑት። አኩዌሌ ስሙን ጠራች፤ ተረጋጋ፣ እጇን ፈለገ። ገለጡት፤ ሸሸ።

ፎሊ ተነሣ። «ታሲ፣ አኮኮ በአንድ ሻሽ ስትገባና ስትወጣ አያለሁ እንዴ? ሴትዮዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የተለወጠው ዓይኑ ነው።»

«ምን አስቸገረህ?» አሉ ታሲ፤ መልሱ ለመምጣት እንኳ ጊዜ አልወሰደባቸውም። «ድምፁ የአኩዌሌ ነው፤ ሥጋው የአኮኮ። ተካፍለውታል።»

«ይሁን፤ ተካፍለውታል። እንግዲያው ለአዮኮ ግማሽ እናት አለቻት። ግማሿን ለይተን በየትኛው ታንኳ ነው የምንጭናት?»

አንድ ሰው ፈገግ አለ፤ ታሲ ሲያዩት ፈገግታውን ዋጠው።

«ታንኳው ይመለስ» አለ ፎሊ። «ልጅቱም ከእናቷ ጋር ትሁን።»

ታሲ ደዴ ሻሻቸውን አራግፈው ራሳቸው ላይ አሰሩ። «እኔ የማውቀውን ዐውቃለሁ» ብለው ሄዱ። አኩዌሌ አልተቀየመቻቸውም። ያን ቀን አደንጓሬ ስትለቅም እሷም ይህንኑ ልታምን ምንም አልቀራትም ነበር።

አዮኮ እጇን ዘርግታ ወደ እናቷ ስትሮጥ መሳን ግን ቀደማት። አንሥቶ ደረቱ ላይ ለጠፋትና ጀርባውን ለማንጎው ሰጠ። ለእሱ የተፈረደ ፍርድ አልነበረም፤ ፊት ለፊቱ የቆመችው ያችው ሴትዮ ናት። «አልሰጥም! ለዚህች አልሰጥም!» አለ። ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። ወንዶቹ ሊይዙት ተነሡ።

«ተዉት» አለች አኩዌሌ።

ዞራ ከማንጎው ግንድ ኋላ ቆመች።

«መሳን። እዚህ ነኝ።»

ትከሻው ላላ። ሊዞር ሲል «አትዙር፤ ዓይንህን ጨፍን» አለችው።

ማንም አልሸፈነውም። ራሱ ጨፈነ፤ እስኪጨማደድ ድረስ አጥብቆ ጨፈነ። ከዚያ አዮኮን ቀስ ብሎ ከደረቱ አላቀቃትና በትከሻው በኩል ወደ ኋላ አሳለፋት። አየር ላይ እንዳይለቃት ሠግቷል።

«ያዝሻት?»

«ይዣታለሁ።»

«አንቺ ነሽ የያዝሻት? እርግጠኛ ነሽ?»

አኩዌሌ እጆቿን አየቻቸው። የልጇ እስትንፋስ አንገቷ ላይ ይሞቃታል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ልቀቃት።»

ለቀቃት።