መስኮቱ የተወተፈበት ክፍል

1.

መስኮቱ ከዛሬ ጀምሮ አይከፈትም።

ይህን ያሉት ወይዘሮ አልጣሽ ናቸው። ልጃቸውን ትርሲትን ሊያርሱ ከደብረ ብርሃን እንደመጡ፣ ሻንጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ፣ የኮንዶሚኒየሙን መኝታ ቤት መስኮት ዳር ዳሩን በቡትቶ ወተፉት። በላዩ ፕላስተር ለጠፉበት። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀሉ፣ ከአልጋው እግርጌ ከሰል አቀጣጠሉ። አንባቢ አይሳቅባቸው፤ «አራስን መቃብሯ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል» እየተባለ ያደገ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

2.

ብርድ የሚገባባቸው ቦታዎች፣ እንደ ወይዘሮ አልጣሽ፦

መስኮት።
የበር ስር።
የቁልፍ ቀዳዳ (ጥጥ ተደርጎበታል)።
የልጅ ምክር።

3.

ክፍሉ ይሞቃል። አልጋው ቀስ ብሎ ከወለሉ ይነሳና ለብ ባለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ግድግዳው ይርቃል፣ የእናቷ ድምፅ ከወንዝ ማዶ ይመጣል። ደስ ይላል። ትርሲትን ያስፈራት ደስ ማለቱ ነው፤ ራሷን እየፈለጣት እንኳ መነሳት አላሰኛትም።

4.

ትርሲት፦ እማዬ፣ ትንሽ እንክፈተው። አየር የለም እኮ።

እናት፦ አየር ነው እንዴ ልጁ የሚጠባው?

ትርሲት፦ መጥባቱንም ተወ። ዝም ብሎ ይተኛል።

እናት፦ እሰይ! እንቅልፍ ያፋፋዋል።

ትርሲት፦ ከሰሉን እንኳ አውጪው።

እናት፦ ወንድምሽን ብርድ ነው የወሰደብኝ። ደረቴ ላይ አድርጌው፣ ከሰሉ አጠገብ፣ ሁሉን ዘግቼ። ከየት እንደገባ እስከዛሬ አላውቅም።

5.

ከሰሉ አጠገብ።



ሁሉን ዘግቼ።



መስኮቱን መክፈት ለእናቷ «ወንድሜን የገደለው ብርድ አይደለም፣ ከሰሉ ነው» ማለት ነው። ካልተከፈተ ደግሞ ይሄኛው አለ። ልጇን አየችው። ፊቱ ገርጥቷል፣ ስትነካካውም አይነቃም።

6.

አከፋፈት፦

ተነሺ። ግድግዳውን ያዢ። ፕላስተሩን ላጪው። ቡትቶውን ንቀይ። እናትሽ «ኧረ በማርያም!» ሲሉ አትዙሪ።

ክፈቺ።

7.

ብርዱ ገባ። ጎረቤት ካሰጣው ልብስ የሳሙና ሽታና የታክሲ ጥሩንባም አብሮት ገባ። ትርሲት ግድግዳ እየተደገፈች ከሰሉን በረንዳ ላይ አወጣችው። ሕፃኑ ፊቱን አጨማደደ፣ ተንጠራራ፣ ከዚያ ቤቱን በለቅሶ አናጋው። ጡቷን ሰጠችው። ያዘው። እየሳቀች አለቀሰች።

ወይዘሮ አልጣሽ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ሕፃኑን ያያሉ። ቁጣቸው ወዴት እንደሄደ እንጃ። የሕፃኑን እግር እየሸፈኑ፣

«ትርሲትዬ፣ ያኔ እኔም ከፍቼው ቢሆን ኖሮ… ይተርፍልኝ ነበር?» አሉ።

8.

ትርሲት የእናቷን እጅ ያዘችና እንዲህ ስትል መለሰችላቸው (አንባቢ በእሷ ቦታ ቢሆን የሚለውን ይሙላበት)፦

«                                        »