የተነቀለው መዘወሪያ

የሕንፃው ባለቤት አርጅተዋል፤ ቁልፉን ወይ ለልጃቸው ወይ ለባሏ ሊያስረክቡ ነው። አማችየው ይህን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለውም። በሚስቱ አባት ቤት እየኖረ፣ በሚስቱ አባት ሕንፃ «የደህንነት ኃላፊ» ተብሎ ደመወዝ እየበላ፣ ዘመድ አዝማዱ ግን እስከ ዛሬ «የልጅቱ ባል» ከማለት በቀር ስም አላወጣለትም። አሁን ዋና ሥራ አስኪያጅ ካልተባለ ሞቶ ይገኛል።

ስለዚህ አባባን የእሳት ማጥፊያውን የውሃ መስመር ሊያስጎበኛቸው ቆረጠ። የዕቃውን ስም ከአንድ መጽሐፍ ላይ ሸመደደ። ሰው ስሙን ካወቀ ዕቃውንም ያወቀ ይመስለዋል፤ እሱማ የሠራው ሁሉ መሰለው።

በቀጠሮው ቀን አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ በእስክሪብቶ እየጠቆመ ጀመረ።

«አባባ፣ ጣሪያው ላይ ታንከሩ አለ። ከጎኑ ያለው ፓምፕ ውሃውን ይገፋዋል። ዋናው ቫልቭም እዚያው ነው። ይሄ ቀይ ቧንቧ በየፎቁ ያወርደዋል። እዚህ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ጎማውና አፈሙዙ።»

«ውሃውስ?» አሉ ሽማግሌው።

«እሱ ይመጣል፣ አባባ።»

ሳይቸግረው ጓሮ ወጥቶ በርሜል ውስጥ ካርቶን አቀጣጠለ። «አሁን ያያሉ» አለና ጎማውን ዘርግቶ እግሩን አንፈራጦ ቆመ። እሱ ቁመናውን ሲያሳምር ነፋስ መጣ። ነበልባሉ ለአባባ መቀመጫ ወደተደረደሩት የስፖንጅ ወንበሮች ዘለለ፤ የሽማግሌውንም የካፖርት እጅጌ ላሰ። አማችየው የሣጥኑን መክፈቻ እስከ መጨረሻው አዞረው። ጎማው እሳቱን ሊያራግብ ይመስል እፍ ብሎ ትንሽ አየር ተፋና ዝም አለ።

«ፓምፑ ነው» አለ። ቀጥሎ «ግፊቱ ነው» አለ።

«የላይኛውን ቫልቭ መዘወሪያ እኮ እርስዎ ራስዎ ነቅለው ወስደውታል» አለች የጽዳቶቹ አለቃ። «ወለል አጠባችሁበት ብለው።»

እውነቷን ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ሲጠፋ ሴቶቹ ከእሳት ማጥፊያው ቀድተው ወለል ቢወለውሉ ጊዜ፣ በንዴት ቫልቩን ጠርቅሞ መዘወሪያውን ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ሸሽጎታል። ከዚያ ስም መሸምደድ ላይ ወደቀና እሱን እርግፍ አድርጎ ረሳው።

እሳቱን ያጠፉት ጽዳቶቹ ናቸው፣ በባልዲ የመወልወያ እጣቢ። ግማሹ ወንበሮቹ ላይ አረፈ፣ ግማሹ አዲሱ ሱፍ ላይ። የሱፉ የታሰበበት ይመስላል።

ሽማግሌው የተቃጠለ እጅጌያቸውን አራገፉ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ ወደ ታንከሩ ቀና ብለው።

«አባባ፣ መስመሩ ግን ምንም እንከን የለበትም» አለ አማችየው፣ እጣቢ ካገጩ እየተንጠባጠበ። «ከመዘወሪያው በቀር ሁሉም ነገር ሙሉ ነው።»

«ማስረዳት እንኳ ትችልበታለህ፤ አልክድህም። ቁልፉን ግን ለልጄ ሰጥቻለሁ።»

አማችየው እስክሪብቶውን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። «እሷ ስለዚህ ነገር ምን ታውቃለች?»

«ምንም» አሉ ሽማግሌው። «ስለማታውቅ ከመንቀሏ በፊት ትጠይቃለች።»