ዘጠኝ ኪሎ አሮጌ ጋዝ

«ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥክ ሰውዬ፣ ስለ አየር ንብረት ምን አገባህ?» ያለው የከተማው የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ተኩል፤ ለፍሪጅ ጠጋኞች በተዘጋጀው የጋዝ አሰባሰብ ሥልጠና መመዝገቢያ መስኮት ፊት አሥራ አንድ ሰው ተሰልፏል። ከነዚያ መሀል የሳቁትን ስድስቱን ፍሪጅ ጠጋኙ ዛሬም በመልክ ይለያቸዋል። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ሰባተኛ» ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ጠዋት ግን ያው ኃላፊ ራሱ ደወለለት፤ የምስክር ወረቀቱን ከአዳራሹ መጥቶ እንዲወስድ።

«ወንድሜ አለኝ እኮ» አላት ለሚስቱ፣ ሸሚዙን እየቆለፈ።

«ታዲያ ምን ይበልህ? ሂድና ወረቀትህን ይዘህ ና።»

«የዛሬ ሁለት ዓመት ይሄው ሰውዬ...»

«ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ተኩል። ልጆቹም በቃላቸው ይዘውታል። ከመጪው ወር ጀምሮ ያለ ወረቀት ጋዝ አይሸጡልህም። ያኔ ቂምህን ነው የምንቀቅለው?»

የመጨረሻውን ቁልፍ ቆልፎ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሮጌ ፍሪጅ የሚለቀቀው ጋዝ ምድርን ያሞቃል ተብሎ ሦስት ጎረቤት አገሮች ተስማሙ። ጠጋኞች ጋዙን በሲሊንደር ይይዛሉ፤ አንድ መኪና ከሦስቱም አገር ሰብስቦ ድንበር ማዶ ወዳለው ማጣሪያ ይወስዳል፤ የተጣራው ተመልሶ ለሥራ ይውላል። እሱ ይህን ሰምቶ ማንም ሳያሠለጥነው ስምንት ወር ለፋ። ዘጠኝ ኪሎ ሲሞላለት ሲሊንደሩን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቢሮው ወሰደ። ኃላፊው ቀና ብሎም ሳያየው «ሰነድ የለውም፣ መልሰው» አለው። ይኸው እስከ ዛሬ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል።

አዳራሹ ሲደርስ ከሦስቱም አገር የመጡት እንግዶች ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት፣ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ቀለም የተቀባ ሲሊንደር ቆሟል። «ከአሮጌ ፍሪጆች የተሰበሰበ፣ ዘጠኝ ኪሎ» ይላል የተለጠፈበት።

ኃላፊው በክንዱ ይዞ ወደ ጠረጴዛው ወሰደው። «ሲጠይቁህ እኔ ነኝ የሰበሰብኩት በል፣ በቃ። ወረቀትህ ይኸው፣ ማኅተሙም ተመትቷል» ብሎ እጁ ላይ አኖረለት።

«የኔ ሲሊንደር ቤቴ ነው ያለው።»

«አይ አንተ። ሲሊንደር ሲሊንደር ነው።»

ጠጋኙ የሥራ ልማድ ሆኖበት ቫልቩን በስሱ ከፍቶ መዳፉን ደቀነበት። አሮጌ ጋዝ የተቃጠለ የኮምፕሬሰር ዘይት ይዞ ይወጣል፤ መዳፍ ያጠቁራል፣ ይከረፋል። ይሄ ግን ቀዝቀዝ አደረገውና ጠፋ። መዳፉ ንጹሕ ነው። ከሱቅ ተገዝቶ የተገለበጠ አዲስ ጋዝ።

በዚህ መሀል ከማጣሪያው የመጣችው ሴትዮ ተነስታ ቀረበች። ጣቶቿ ላይ እንደ እሱው ጋዝ ያቃጠለው ጠባሳ አለ። የምትለውን አስተርጓሚው ተቀበላት።

«ከስንት ፍሪጅ ነው ያወጣኸው? ስንት ጊዜስ ፈጀብህ? እያለችህ ነው።»

በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከሰባ አንድ ፍሪጅ፣ በስምንት ወር። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር፤ እያንዳንዱን ፍሪጅ ከነባለቤቱ ሊቆጥርላት ይችላል። ግን ያ ቤቱ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ያለው ነው። እዚህ ቆሞ ቢናገረው እውነቱ ለዚህኛው ሲሊንደር ምስክር ሊሆን ነው።

የሴትዮዋ ዓይን ወደ ንጹሕ መዳፉ ወረደ።

«በል እንጂ ሰባተኛ» አለ ኃላፊው በጥርሱ መሀል፣ ለእንግዶቹ ፈገግ እንዳለ። «ምን ይገትርሃል?»

ጠጋኙ ቫልቩን አጥብቆ ዘጋ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሲሊንደሩ ሥር በግንባሩ ደፋውና በወንበሮቹ መሀል አልፎ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ መዳፉን በሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረበትም።