የአሥራ አራት ቁጥር ሾርባ

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም «ስልከኛዋ» ነው የሚላት። ቤተሰቦቿ ደግሞ አርባ ስድስት ዓመት ሞልቷትም «ሚጣ» ማለቱን አልተዉም። ከደረጃው ሥር፣ ከአንድ ጠረጴዛና ከአንድ ወንበር በላይ በማትይዝ ክፍል ውስጥ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ የሚደውለውን ሰው ወደሚፈልገው ክፍል ስታገናኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ድምፅዋ የማረካቸው አንዳንድ ሰዎች መልኳን ሊያዩ እስከ ክፍሏ ድረስ ይመጡ ነበር። አይተው ፊታቸው ቅይር ሲል፣ «በድምፅ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም!» ብላ ታስቃቸዋለች።

ወረርሽኙ ገብቶ ከተማው ሲዘጋ ሳቁም አብሮ ተዘጋ። ጠያቂ እንዳይገባ ተከለከለ። ሰው ያስተኛ ቤተሰብ የቀረው ስልክ ብቻ ነበር፣ ስልኩ ደግሞ የሚያልፈው በሚጣ ጆሮ ነው። በየጠዋቱ ከየክፍሉ ዝርዝር ይመጣላታል፦ የአልጋ ቁጥር፣ ከጎኑ «ደህና አድሯል» ወይም «ኦክስጅን ላይ ነው» ወይም «ለውጥ የለም»። ይህን መናገር ትችላለች። አንዳንዱ ቁጥር ላይ ግን መስመር ተሰምሮበት «ለሐኪም» ተብሎ ይጻፋል። እሱን መናገር አትችልም። መርዶ የሚናገረው ሐኪም ብቻ ነው፤ የእሷ ድርሻ «ሐኪሙ ይደውልልዎታል» ማለት ነው። ሐኪሞቹ ሦስት ሆነው መቶ ሰው ስለሚያዩ፣ ጎህ ሲቀድ ለሞተ ሰው የሚደወለው ሊመሽ ሲል ነበር። እስከዚያ ቤተሰቡ አምስት ስድስት ጊዜ ይደውላል። እሷም ያችኑ ቃል ስትደጋግም ትውላለች።

በፈረቃ የምትተካት ባልደረባዋ አንድ ቀን አንጀቷ አልችል ብሎ ለአንዲት እናት እውነቱን ነገረቻት። እናትየዋ ዘመዶቿን አስከትላ መጥታ የግቢው በር ተገነጠለ። በማግስቱ ባልደረባዋ ተባረረች። ነጠላ ጫማዋንና ስኒዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ፣ «አደራ፣ አንቺ እንኳ ምላስሽን ያዢ» አለቻት። ሚጣም ያዘች።

በሁለተኛው ወር የታላቅ እህቷ ባል ታሞ ገባ። ልብስ ሰፊ ነበር። እናታቸው ስትሞት ሚጣን ያሳደጓት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያውን የትምህርት ቤት ልብሷን የሰፋላት፣ ስታድግ እንዲለቀቅላት ጫፉን አራት ጣት አጥፎ፣ እሱ ነው። «ጋሼ» ትለዋለች። ሱቁ ሲዘጋበት እጁ ሥራ መፍታት አልችል ብሎ ጭምብል እየሰፋ ለሠፈሩ ያድል ነበር፤ ሊወስድ ከመጣው ከአንዱ ሳይያዝ አልቀረም። አልጋው አሥራ አራት ቁጥር ሆነ። «እትዬ» የምትላት እህቷም ንክኪ አለሽ ተብላ ከቤት እንዳትወጣ ስለታገደች፣ ጠዋት ጠዋት ትደውላለች።

በዘጠነኛው ቀን ዝርዝሩ መጣ። አሥራ አራት ላይ መስመር ተሰምሮበታል። ለሐኪም።

ሚጣ ወረቀቱን ገልብጣ መልሳ አየችው። ሌላ ቁጥር የምታነብ መስሏት ጣቷን እያስኬደች ከላይ ጀምራ ቆጠረች። አሥራ አራት ነው። ይህን ጊዜ ስልኩ ጠራ።

«ሚጣዬ፣ እንዴት አደርሽ? ጋሼሽስ?»

 ከዚያ ያች የለመደችው ድምፅ፣ ያች ሰው ሁሉ የሚወድላት፣ ከአፏ ወጣች፤ «ሐኪሙ ይደውልልሻል፣ እትዬ።»

«አይ አንቺ! ለእኔም እንደ ባዳ?» እትዬ ሳቀች። «ትናንት ጉሮሮው ደርቋል ሲሉኝ ነበር። ሾርባ ልሥራለት ብዬ። የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያለው ጎረቤቴ መኪና ይዞ ይወጣል፣ በር ላይ ያደርስልኛል። ልላክ?»

እዚህ ላይ ብዙ ማለት ይቻል ነበር። «ዛሬ አይሆንም» ቢባል ይበቃ ነበር። ሌሎች መስመሮች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።

«ላኪለት» አለች ሚጣ።

ከሰዓት በኋላ የበሩ ዘበኛ ደወለ። «ለአሥራ አራት ቁጥር ፔርሙዝ መጥቷል። ላይ ስጠይቅ አልጋው ባዶ ነው አሉኝ። ድኖ ወጣ መሰለኝ፣ እሰይ!»

ሄዳ ተቀበለችው። ልትደፋው ወደ ማጠቢያው ወሰደችውና ክዳኑን ከፈተች። ካሮቱ እንደ ጥፍር ተከትክቷል፣ ለመዋጥ እንዳይከብደው። እጇ እምቢ አላት። የእትዬን ድካም ወደ ቱቦ መልቀቅ ሌላ ግፍ መሰላት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ቆማ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ጠጣችው። ጨው የለውም፤ ጋሼ ደም ግፊት ነበረበት።

ሊመሽ ሲል አንዱ ሐኪም ከላይ ደውሎ፣ «የአሥራ አራት ቁጥርን ቤተሰብ አገናኚኝ» አላት። የስልክ ቁጥሩን ማየት አላስፈለጋትም።

«ሚጣዬ! ሾርባውን ጠጣልኝ?» አለች እትዬ ገና እንዳነሣች።

«ሐኪሙን ላገናኝሽ» አለችና አገናኘቻት። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው።

ለቀብር የሚፈቀደው አንድ ዘመድ ብቻ ነበር። እትዬ እገዳ ላይ ናትና ሚጣ ቆመች። ቢጫ ገመድ ከተወጠረበት ወዲህ ሆና፣ ነጭ ቱታ የለበሱ አራት ሰዎች ልክ ዕቃ እንደሚያራግፉ ሲቸኩሉ አየች። ሁሉም ነገር የሻይ ሰዓት ያህል እንኳ አልፈጀም።

እገዳው እንደተነሣላት እትዬን ልትጠይቅ ሄደች። የስፌት መኪናው አንሶላ ለብሷል። እትዬ አቅፋ አላለቀሰችም፤ ወንበር ጠቆመቻት።

«ሐኪሙ ጎህ ሲቀድ ነው ያረፉት አለኝ» አለች። «አንቺ ጋ ዝርዝሩ የሚመጣው ስንት ሰዓት ነው?»

ሚጣ አቀረቀረች። «እትዬ፣ ከሥራ ያባርሩኝ ነበር። ደግሞ ብቻሽን ነሽ፣ በር ተቆልፎብሽ፣ የሚይዝሽ ሰው የለም። እንዴት አድርጌ በስልክ...»

«የትኛው ነው? ሥራሽ ነው ወይስ እኔ?»

  እውነቱን ለመናገር ሚጣ ራሷም አታውቀውም ነበር፤ ዛሬም አታውቀውም።

«ዝም ብትዪኝ እኮ ደንብ ነው እል ነበር» አለች እትዬ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ላኪለት አልሽኝ። ባሌ ሬሳ ክፍል ተጋድሞ እኔ ካሮት እየከተከትኩ ሳንጎራጉር ዋልኩ። ገባሽ? ሳንጎራጉር! ማነው የጠጣው?»

«እኔ።»

 «ጥሩ» አለች እትዬ። «አልባከነም።» ተነሥታም በሩን ከፈተችላት።

መንገዱ ተከፈተ፣ ሱቁ ተከፈተ፣ ሰው ጭምብሉን ጥሎ ስለ ነዳጅና ስለ ኳስ ማውራት ጀመረ። ሚጣ ሥራዋ ላይ ናት። አለቃዋ በስብሰባ ላይ በዚያ ክፉ ጊዜ ምስጢር ጠብቃ ማገልገሏን አንሥቶ አመሰገናት፤ ሰውም አጨበጨበ። ያን ቀን ምሳዋን ሳትበላ ቀረች።

ያኔ መንገድ ተዘግቶባት ክፍለ ሀገር የቀረችው የእትዬ ሴት ልጅ ተመልሳ መጥታለች፤ እትዬ አሁን እሷ ቤት ናት። ሚጣ በየሁለት ሳምንቱ ትሄዳለች፤ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ። እትዬ ሻይ ትቀዳላታለች፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው ትላታለች፣ ስትወጣ ደግሞ ደህና ግቢ። ሌላ ሰው ቢያይ ምን ጎደላቸው ይላል።

ባለፈው ጊዜ ልጅቷ ወደ ውጭ ስትወጣ ጠብቃ ሚጣ ከሶፋው ወርዳ እግሯ ሥር ተንበረከከች። «እትዬ፣ ሦስት ዓመት ሆነ። ይቅር በዪኝ።»

እትዬ በሁለት እጇ ደግፋ አነሣቻት። እጆቿ እንደ ድሮው ሙቅ ናቸው።

«ይቅርታውንማ የሰጠሁሽ ድሮ ነው» አለቻት። «ውዴታው ነው እምቢ ያለኝ። ብዙ ለመንኩት፣ አልመጣም።»

ከዚያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትንሽ ጨመረች። ሚጣም ተመልሳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ አብረው አዩ።