ዘይባ ያልጠራችው ስም

ዘይባ ከተዳረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ የባሏን ስም ግን አንድ ቀን እንኳ ከአፏ አውጥታ አታውቅም። በእነሱ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ ነውር ነው። «የሙንታሲር አባት» ትለዋለች፣ በቃ። ቡታጅራ ገበያ በርበሬ የሚሸጠው ሰውዬ ስሙ ከባሏ ስም ጋር አንድ ስለሆነ እሱን እንኳ «ሞክሼው» ነው የምትለው። እኔም ብሆን ስሙን አሁን አልናገርም፤ እሷ ያልጠራችውን ቀድሜ ልጠራ ማን ነኝ?

የሙንታሲር አባት ዓይኑ ደክሟል። ሰው ሲመጣ ጥላው ብቻ ነው የሚታየው። ቱርክ አገር የሚሠራው ልጃቸው ሙንታሲር «እዚህ ይታከማል፣ እማዬም ይዛው ትምጣ» ብሎ የበኩሉን ጨርሷል። ኤምባሲው ግን ሚስቱ ለመሆኗ የጋብቻ ወረቀታቸው በመንግሥት ይረጋገጥ አለ። ወረቀቱን ቡታጅራ አወጡ፤ ዞኑ ሳያረጋግጠው አዲስ አበባ አይቀበለውም ተባሉ። ካልተረጋገጠ ሰውየው ብቻውን ይሄዳል። ገዛ ቤቱ ውስጥ የውኃ ጣሳ ፈልጎ የማያገኝ ሰው፣ በባዕድ አገር ማን ክንዱን ሊይዝለት ነው?

ስለዚህ ወደ ዞኑ ከተማ፣ ወልቂጤ መጡ። ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤት አሠራር ለውጥ መጥቶ፣ የየቢሮው ግድግዳ ፈርሶ፣ ሠራተኛው ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ በተኮለኮለበት ዘመን ነው። ወረቀት የሚያረጋግጠው ሽባባው የሚባል፣ ከጎጃም የመጣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ውጭ አገር ለመሄድ ሲሉ የውሸት የሚጋቡ ስለበዙ፣ ባልና ሚስትን ለየብቻ እንዲጠይቅ ታዟል። መጀመሪያ ባልየውን ጠይቆ፣ ክንዱን ይዞ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ አስቀመጠውና ወደ ዘይባ ተመለሰ።

«እናቴ፣ የባለቤትዎ ሙሉ ስም?»

«የሙንታሲር አባት።»

«እሱማ የልጅዎ ስም ነው። እኔ የባለቤትዎን ነው የጠየቅኩዎት።»

«በረንዳው ላይ ያለው ነዋ! ግራጫ ኮት የለበሰው። አሁን አንተ አይደለህ እንዴ ክንዱን ይዘህ ያስቀመጥከው?»

አዳራሹ ሳቀ። ሽባባው ግን አልሳቀም። «እሺ፣ ልጅዎ ሙንታሲር ማን ይባላል?»

ያ ረቢ! ልጁንም ከነአባቱ ከጠራችው ያው አይደል! «ሙንታሲር ነው በቃ። አንድ ነው ያለኝ፣ ከማን ጋር ሊምታታብህ ነው?» አለችው።

ከዚያ ጥሩ መላ የመጣላት መሰላት። «ልጄ፣ አንተ አንብበው፣ እኔ አዎ እላለሁ።»

«እንደሱማ ከሆነ መንገደኛውም ገብቶ አዎ ይላል» አለና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እናቴ፣ አይቀየሙኝ። ስሙን ካልነገሩኝ ሚስትነቷ ያጠራጥራል ብዬ ወረቀቱን መመለሴ ነው። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖርኩ የሚሉትን ሰው ስሙን እንኳ አያውቁትም?»

አያውቁትም! ዘይባ ደሟ ፈላ። እሷ እሱን ሳታውቅ! ሻዩን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ፣ ሲከፋው ጫማውን ደጋግሞ እንደሚወለውል፣ የዓይኑን ነገር ሰው እንዳያውቅበት ሰላም የሚለውን ሁሉ በድምፁ እየለየ እንደሚጨብጥ የምታውቅ እሷ!

«አሳምሬ አውቀዋለሁ!» አለች። «በእኛ ነውር ሆኖብኝ ነው እንጂ!»

ሽባባው ትንሽ አያት። «አሁን ገባኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን እናቴ፣ ሳልሰማ መፈረም አልችልም።»

ዘይባ በመስኮቱ ወደ በረንዳው ተመለከተች። የሙንታሲር አባት አግዳሚው የት ጋ እንደሚያልቅ በእጁ ይዳብሳል። ኤዲያ፣ ነውሩ ይቅር፣ አለች በሆዷ። እሱ ብቻውን ከሚሄድ እኔ ልዋረድ። ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ በሹክሹክታ ልትናገረው ነበር ሐሳቧ። ግን ጠርታው የማታውቀውን ስም አጠራሩን የት ታውቀዋለች? ማሳ ማዶ ያለ ሰው እንደምትጠራ አድርጋ አምባረቀችው።

«ሙከሚል!»

«አቤት!» አለ ከበረንዳው።

ሙከሚል ግድግዳውን እየዳበሰ በሩ ላይ ደረሰ። «ማነው የጠራኝ?»

ሽባባው ይኼኔ ሳቁ አሸነፈው። ፈረመ፣ ማኅተሙንም አንስቶ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። «እንኳን ደስ ያላችሁ! እንደ አዲስ ተጋባችሁ ማለት ነው» አላቸው። ዘይባ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ወረቀቱን ጉያዋ ከተተች፤ በውስጧ ግን ደስ ብሏት ልትሞት ነው።

ወደ መናኸሪያ ሲሄዱ ሙከሚል ክንዷን ይዞ ነገር ጀመረ። «ቅድም አንድ ሰው ጠርቶኝ ነበር ልበል?»

«ጸሐፊዋ ናት።»

«ጸሐፊዋ የእኛው አገር የእንሴኖ ልጅ ናት እንዴ? ድምፅዋ ያገሬ ሰው መሰለኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ተወኝ!»

«እኔኮ ስሜ እንዲህ እንደሚያምር አላውቅም ነበር» አላት።

መናኸሪያው ሰው በሰው ሆኗል። አንድ ረዳት ጆንያ ተሸክሞ በመሃላቸው ሲያልፍ እጃቸው ተለያየ። ዘይባ ዞር ስትል፣ ሙከሚል እጁን እንደዘረጋ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሮ ቆሟል። ወትሮ ቢሆን ሰዉን በክርኗ እየገፋች ሄዳ ትይዘው ነበር። ወረቀቱ ታትሞ ጉያዋ ገብቷል፤ አሁን የሚያስገድዳት ማንም የለም።

«ሙከሚል!» አለች። «እዚህ ነኝ፣ ና።»

ፊቱ በራ። «አቤት» አለና ድምፅዋን ተከትሎ መጣ።