የግንዛቤ እጥረት

ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ በእትዬ ባሂራ አጥር በር ላይ እየተንቆራጠጥኩ ነው። ለጋሻችን አቶ ሰይፉ ቡኢ ከተማን አልፌያለሁ ብለው ደውለዋል። ዛሬ የእንሰት መፋቂያ ማሽኔ ሲሠራ ካላዩ ለሌሎቹ አምስት መንደሮች ማሽን አይሰጡኝም፤ ድርጅቴም እዚሁ ያበቃለታል። ማሽኑ ግን ከመጣ ስድስት ወሩ፣ እትዬ ባሂራ ጓሮ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል።

ያናድዳል! የመንደሩ ሴቶች እዚያው ጓሮ ተሰብስበው ወገባቸው እስኪቆረጥ በእጃቸው ይፍቃሉ። ለምን አትጠቀሙበትም ስላቸው "ኢንሻአላህ ነገ" ይሉኛል። ነገ አይመጣም። እኔም ለአቶ ሰይፉ በምልከው ሪፖርት ላይ በየወሩ "የተጠቃሚዎች የግንዛቤ እጥረት" ብዬ እጽፋለሁ። ስጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ የተማረ ሰው ያስመስላል።

"ሙስተፋ፣ በል አስነሳው!" አልኩ። ሙስተፋ ጎበዝ መካኒክ ነው፤ ማሽኑን እንዲያንቀሳቅስላቸው ወልቂጤ ድረስ ልኬ ያሰለጠንኩት እኔ ነኝ። ገና ወደ ጓሮ ሲዘልቅ ሲፍቁ የነበሩት ሴቶች የሰበሰቡትን ቀሚስ ለቀው ተነሡ። ሥራው ቆመ።

ደሜ ፈላ። እትዬ ባሂራን ወደ ጎን ወሰድኳቸው።

"ወላሂ ዛሬ እውነቱን ካልነገሩኝ አልሄድም!"

"ናጃህ ልጄ፣ አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ፤ ፍቀሽ ታውቂያለሽ? እንሰቱን ሳንቃ ላይ በእግራችን ረግጠን ነው የምንይዘው። ቀሚሳችን ተሰብስቦ፣ ባታችን ወጥቶ። አንድ ማሽን ለሁላችን አይደርስ፤ ጎን ለጎን መፋቃችን አይቀርም። ባሎቻችን እንኳ ወደማይመጡበት ወንድ አምጥተሽ ገተርሽብን። ማሽኑንማ ማን ጠላው?"

አፈርኩ። አያቴ ስትፍቅ አባቴ ከአጥር ውጭ ቆሞ ሲጣራ በልጅነቴ አይቻለሁ። እንዴት ረሳሁት?

"ሙስተፋ፣ ውጣ!"

ሙስተፋ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ አነሳሱን እየጮኸ ነገራቸው፤ እትዬ ባሂራ የማስነሻውን ገመድ ሳቡ። በሦስተኛው ሙከራ ሞተሩ ተነሣ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ወዲያው መኪና ቆመ። አቶ ሰይፉ ካሜራ ከያዘ ሰው ጋር ወርደው በሩን ሊገፉት ሲሉ እጄን ዘረጋሁ።

"አይገባም፣ ጋሼ። ሴቶቹ ሥራ ላይ ናቸው።"

"ሳላይ እንዴት ነው የምሰጠው?"

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሙስተፋንም፣ የቀሚሱንም፣ የስድስቱን ወርም። ስልካቸውን አውጥተው የመጨረሻ ሪፖርቴን ፈለጉ።

"ታዲያ ይሄ የግንዛቤ እጥረት ያልሽው የማን ነው?"

"የኔ።"

ካሜራ የያዘውን ሰው ወደ መኪናው መለሱትና አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ። ማሽኑን ይፈልጉት እንደሆነ እነሱው ይንገሩኝ። አንቺ ግን እንዳትናገሪላቸው።"

እሺ አልኩ። ቁጭ ማለት ግን አቃተኝ።