ብርድ ልብስ የለበሰው ቧንቧ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ እንኳን መሃል ላይ እንዳታቋርጪኝ። የጁባን ፀሐይ ታውቂዋለሽ አይደል? መጋቢት ላይ፣ ቆርቆሮ ነክተሽ ጣትሽን እፍ እፍ የምትይበት፣ ውሻው ሁሉ መኪና ስር ገብቶ ምላሱን አውጥቶ የሚውልበት? እሺ፣ እዛ ፀሐይ ላይ አንድ ሰው የውሃ ቧንቧን በፍራሽና በብርድ ልብስ ሲጠቀልል ብታዪው ምን ትያለሽ? አየሽ! ማርቲም እሱን ነው ያለችው። «ይሄ ሰውዬ የሆነ ነገር እየደበቀ ነው!»

ማርቲ አስራ ሁለተኛን እንደጨረሰች ነው ከአዲስ አበባ ጁባ፣ አክስቷ ጋ የመጣችው። አክስቷ ፅጌረዳ ጉዴሌ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስምንት ክፍል ያላት ፔንሲዮን አላት። በዘጠኝ ዓ.ም. መጋቢት ላይ ጥርሷን ልትታከም ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ስትሄድ የቁልፉን ዘለላ እንዳለ ለማርቲ ሰጠቻት። «ቤቱን እንደሰጠሁሽ ካገኘሁት ሪሴፕሽኑ ያንቺ ነው። ካበላሸሽው ግን ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ አባትሽ ቤት!» አባቷ ደግሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ስልክ የሚቀሙ ሰውዬ ናቸው። ማርቲ እዛ ቤት ከምትመለስ ጁባ ፀሐይ ላይ ብትሰጣ ይሻላታል።

ነገሩ የተበላሸው በውሃ ነው። ግቢው ውስጥ ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው። ቦቴው ማንጎው ጥላ ስር፣ ብረት ቆጥ ላይ ያለውን ትልቁን ሮቶ ይሞላል፣ ከዛ ውሃው ፀሐይ ላይ በተዘረጋ ረጅም ቧንቧ አጥሩን ታክኮ ወደ ክፍሎቹ ይሄዳል። አንድ ሙሊት አራት ቀን ይበቃ ነበር። ፅጌረዳ በሄደች በሳምንቱ፣ ሙቀቱ ጭራሽ ሲብስ፣ በሁለት ቀን አለቀ። ተሞላ። ደግሞ በሁለት ቀን ድርቅ! የሦስት ቁጥሩ እንግዳ ፊቱ ላይ ሳሙና እንደተለቀለቀ በፎጣ ወጥቶ «ሞያ ማፊ! ኧረ ውሃ የለም!» እያለ ግቢውን አናወጠው።

ማርቲ ጋሽ ዳምጠውን ጠራች። የቤቱ ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፣ የደብረ ብርሃን ሰው፣ ቀጭን፣ ወሬ የማይወዱ።

«ጋሽ ዳምጠው፣ ውሃው የት እየገባ ነው?»

ከሮቶው ጀምረው መስመሩን በእጃቸው እየዳበሱ እስከ ስምንት ቁጥር ሄዱ። ሁለት ሦስቴ እጃቸውን መለስ ሲያደርጉ አይታለች። ከዛ «መጋዘን ያለውን የተቀደደ ፍራሽ ልውሰደው?» ብቻ አሉ።

«ይውሰዱት» ብላ የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጠቻቸው።

ጠዋት ስትነሳ ቧንቧው በሙሉ በስፖንጅ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስና በማዳበሪያ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል። የታመመ ዘንዶ ነው የሚመስለው!

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ምን እየደበቁ ነው?»

ጋሽ ዳምጠው ቀና ብለው አዩዋት። «እኛ አገር ቧንቧ ራቁቱን አይተውም። ውርጭ ያፈነዳዋል» አሉና መፍቻቸውን አንስተው ሄዱ።

ውርጭ! ጁባ ላይ!

ማርቲ የዛን ቀን ምሳ አልበላም አላት። አስቢው እስቲ፣ ከአጥሩ ወዲያ የሐምዱ ላቫጆ ነው። ቀኑን ሙሉ ያን ሁሉ መኪና ሲያጥብ ይውላል። ጋሽ ዳምጠው ደግሞ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ፣ ሰዓቱ እስኪደርስ የሚቀመጡት የት ነው? ሐምዱ ጥላ ስር! ጥቅልሉስ የት ጋ ነው የሚወፍረው? ላቫጆው ጋ ያለው ጥግ ላይ! ውሃው የት ገባ ብላ በጠየቀች ማግስት መሸፈኑስ? ከዛ ብርድ ልብስ ስር ወደ ሐምዱ የሚሄድ ቅጥያ እንዳለ በዓይኗ ያየች ያህል አመነች።

አዲስ አበባ ላለችው ጓደኛዋ ለቢታንያ በኢሞ ሰባት ደቂቃ ድምፅ ላከችላት። ቢታንያ «ፊልም ቀነስ አርጊ» ብቻ ብላ መለሰች።

ይገርምሻል፣ የሚቀጥለው ሙሊት አራት ቀን ሙሉ ቆየ። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይላል። ማርቲ ግን «ነቅቼበት ዘጋው!» አለች። ተነስታ ላቫጆ ሄደች።

«ሐምዱ፣ ውሃህን ከየት ነው የምታመጣው?»

«ከቦቴ ነዋ። ምነው፣ ልትሸጪልኝ ነው?»

«ትናንት ስንት መኪና አጠብክ?»

«ውይ፣ አንቺ ልጅ መቼ ነው ፖሊስ የሆንሽው?» ብሎ ሳቀባት። ደግሞ ሲስቅ ጥርሱ! አሳሳቁ ራሱ አላማራትም።

ቅዳሜ ጋሽ ዳምጠው ለሥራ ረጃፍ ሲሄዱ ጠብቃ የኩሽናውን ቢላ አወጣች። ከስምንት ቁጥር ጀምራ ማዳበሪያውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ስፖንጁን እየተረተረች ላቫጆው ጥግ ደረሰች። የመጨረሻውን ሽቦ በጠሰችው።

ምንም የለም። ቅጥያ የለ፣ ቀዳዳ የለ፣ አንዲት ጠብታ የለ። ጥጉ ላይ መጋጠሚያው ወፍራም ስለሆነ ነው ጥቅልሉም የወፈረው። አላመነችም። እስከ ሮቶው ድረስ ሁሉንም ገፈፈችው።

«ምን እየፈለግሽ ነው?» ጋሽ ዳምጠው ከረጃፍ ተመልሰው የግቢው በር ላይ ቆመዋል።

«የሐምዱን መስመር!» አመለጣት።

«የኔን ምን?» አለ ሐምዱ ከአጥሩ ማዶ።

ጋሽ ዳምጠው መሬት ላይ የተበተነውን ስፖንጅ አዩ፣ ቢላውን አዩ። ከዛ የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በረንዳው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። «ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ስሠራ ሌባ ያለኝ ሰው የለም» ብለው ወጡ። ድምፃቸውን እንኳን ከፍ አላደረጉም፣ ቢጮሁባት በስንት ጣዕሙ!

እሁድ ሮቶው ተሞላ። ማክሰኞ ቀትር ላይ ሊያልቅ ደረሰ። ፅጌረዳ ሐሙስ ትገባለች። ማርቲ ኮሪደሩ ላይ እየተንቆራጠጠች ሳለ ከአምስት ቁጥር ሻወር ሲወርድ ሰማች። በሩ ገርበብ ብሏል። ባንክ የሚሠራው ተሾመ ልብሱን እንደለበሰ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይጎረጉራል።

«አቶ ተሾመ! ውሃው ዝም ብሎ እየፈሰሰ ነው እኮ!»

«እስኪቀዘቅዝ ነዋ! እጅሽን አስገቢና እዪው።»

አስገባች። «ዋይ!»

«አየሽ? በሻይ ነው የምታጥቡን። ባለፈው ሳምንት ወዲያው ቀዝቃዛ ይመጣ ነበር፣ ምን አድርጋችሁት ነው? ሁላችንም እኮ ከፍተን ነው የምንጠብቀው።»

ማርቲ ወጥታ ራቁቱን የተዘረጋውን ቧንቧ ነካችው። እጇን መለሰችው። ልክ ጋሽ ዳምጠው የዛን ቀን እንዳደረጉት።

ቦዳ ቦዳ ሞተር ይዛ ጋሽ ዳምጠው ወደሚኖሩበት ማንጋቴን ሰፈር በረረች። ጋሽ ዳምጠው በራቸው ላይ ሸሚዝ ያሰጣሉ።

«ጋሽ ዳምጠው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእናትዎ! ግን ለምን በደንብ አልነገሩኝም? ውርጭ አሉኝ እኮ!»

«ብርድ ልብስ በራሱ ይሞቃል እንዴ? ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱን ይከለክላል፣ እዚህ ፀሐዩን ይከለክላል። ይሄን ቁጭ አድርጌ አለማስረዳቴ የኔ ጥፋት ነው። ‹ምን እየደበቁ ነው› ስትዪኝ ተናድጄ ነው። ሌባ ማለትሽ ግን ያንቺ ነው።»

«ምን ልካስዎት?»

«መጀመሪያ ሐምዱን ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ እኔ ባለሁበት። ከዛ የገፈፍሽውን ራስሽ ታለብሺዋለሽ። እኔ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

እሮብ ጠዋት ሐምዱን ይቅርታ ጠየቀችና ቀኑን ሙሉ አለበሰች። ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ ሽቦው ጣቷን እየወጋት። ጋሽ ዳምጠው «ላላ፣ ድገሚው» ይላሉ። ሐምዱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጋሼ፣ እሷም ላይ ይጠቅልሉባት፣ ቶሎ ነው የምትግለው!» እያለ ያበሽቃታል።

ሐሙስ ቀትር ላይ ፅጌረዳ መጣች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስምንት ቁጥር ገብታ እጇን ታጠበች። «እንዴ! ቀዝቃዛ ነው! ማን ነው የሠራው?»

ጋሽ ዳምጠው ማርቲን ብቻ አዩዋት። ማርቲ ዝም ብትል ኖሮ ያልፍ ነበር፣ እውነቴን ነው የምልሽ። ግን ቢላውንም፣ ሐምዱንም፣ ሌባ ማለቷንም ሳታስቀር ዘረገፈችው።

ፅጌረዳ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዛ ቁልፎቹን ተቀበለቻት። ማርቲ ሻንጣዋ ዓይኗ ላይ መጣባት። ፅጌረዳ የመጋዘኑን ቁልፍ ለይታ ለጋሽ ዳምጠው ሰጠች፣ የቀረውን ዘለላ ግን ማርቲ እጅ ላይ መለሰችው። «ሪሴፕሽኑ ያንቺ ነው። መጋዘኑ ግን የሳቸው ነው። ሁለተኛ ቢላ ይዘሽ ባይሽ ግን!»

የዛን ቀን ማርቲ ለቢታንያ የአስራ አራት ደቂቃ ድምፅ ላከች፣ ከቧንቧው ፎቶ ጋር። ቢታንያ የመለሰችላትን ቃል በቃል ልንገርሽ፦

«ማርቲዬ፣ ያን ሁሉ ከምትተረትሪ መጀመሪያ ቧንቧውን በእጅሽ ብትነኪው ምን ነበረበት? ደግሞ ይሄ ሐምዱ የምትዪው ልጅ ቆንጆ ነው እንዴ? ስሙን አስራ አንድ ጊዜ ጠራሽው።»